ሽሮ ዕቃ ውስጥ የተገኘው አዳፕተር

አዳፕተሩ የተገኘው ሽሮ ውስጥ ነው።

የልጅቷ አያት ለምሳ ሽሮ ሊያወጡ ዕቃውን ከፈቱ። ማንኪያው ጠጣር ነገር ነካ። ጎተት አድርገው ቢያወጡት ጥቁር ገመድ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሶፋ እየተገለበጠ፣ አልጋ ሥር በስልክ መብራት እየታየ ሲፈለግ የከረመው የሙዚቃ ኪቦርዱ አዳፕተር ነበር።

እኔ ዘንድ የደረሰው ወሬ “ጠፋ” የሚል ብቻ ነው። እናቷ ደውላ “ቲቸር፣ አዳፕተሩ ጠፍቶብናል፤ ሌላ እስክናገኝ ሚጣ ልምምድ የላትም” አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልከፋኝም። በዚያ ሰሞን የቅዳሜው ትምህርት ለሚጣም ለእኔም ከብዶን ነበር።

ሚጣ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነው። ኬጂ 3። ስሟ ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ሁሉም ሚጣ ስለሚላት እኔም እንደዚያው ልጥራት። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በብስክሌት ቤት ለቤት እየዞርኩ ኪቦርድ አስተምራለሁ። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ትመቻለች፤ ለሚያዝያ ሙቀት ግን መላ የለኝም። ጀምረው የተዉ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። የሚጣን ጉዳይ ለብቻው የምጽፈው፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ በዚያ ቤት ያየሁት ነገር ስለ ቤት ልምምድ የማምነውን ስለገለበጠብኝ ነው። ቤተሰቡም ጻፈው ብለውኛል። አያቷማ “የሽሮዋን ነገር እንዳትረሳ” ብለው አደራ ጨምረዋል።

ቤቱ

ቤታቸው ሽምብጥ ነው። ጊቢው ውስጥ ሁለት ተከራዮች አሉ። አንደኛዋ ነርስ ናት፤ ሌሊት ተረኛ ስትሆን ቀን ትተኛለች። ይቺን ነርስ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። እናት ባንክ ትሠራለች፤ ቤት የምትገባው ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። አባት የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ በሳምንት አንዴ ከተገኘ ጥሩ ነው። አያት የዘጌ ሰው ናቸው። ሚጣ ስትወለድ አራስ ሊጠይቁ መጥተው በዚያው ቀሩ። ቡናቸው እስከ ዛሬ ከዘጌ በጀልባ ይመጣል። የሱቅ ቡና ቀርቦላቸው አንድ ስኒ ሲጨርሱ አላየሁም።

ኪቦርዱ ባለ 61 ቁልፍ ነው። በጋቢ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ በአባትየው መኪና መጣ። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። ወላጆች “ታዲያ 61 ይበቃል?” እያሉ ይጨነቃሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይበቃል። ጀማሪ ልጅ ከመሐሉ ብዙም አይርቅም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለስለስ አድርገው ሲነኩት ለስለስ፣ ጠንከር ሲያደርጉት ጠንከር ብሎ ይጮሃል ወይ? እንደዚያ በማያደርግ ኪቦርድ ላይ የለመደ ልጅ በኋላ ማንኛውንም ፒያኖ እንደ በር ያንኳኳዋል። የሚጣ ኪቦርድ ያደርጋል። በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት።

ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነበር። የምግብ ጠረጴዛ ላይ። ስትቀመጥ ጠረጴዛው ደረቷ ድረስ ይመጣል። ክርኗ ከቁልፎቹ በታች ነው፤ እግሯ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ክርን ከቁልፉ እኩል ካልሆነ አንጓ ይጎብጣል፣ ትከሻ ይሰቀላል፣ ልጅ በአምስት ደቂቃ ይደክመዋል። ይህን በመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። “በኋላ እናስተካክለዋለን” ብዬ አለፍኩት። ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት ስትሰሙ ትታዘቡኛላችሁ።

“ከመጀመሪያው”

የሰጠሁት የቤት ሥራ በሳምንት አንድ ገጽ፣ በቀን 30 ደቂቃ ነበር። ለስድስት ዓመት ልጅ! ለእኔም ስማር የተሰጠኝ እንደዚያ ስለነበር ልክ መስሎኝ ነው። እኔ ግን ስጀምር ጢሜ ብቅ ብቅ ብሎ ነበር።

እናቷ የተባለችውን የምታከብር ሰው ናት። ሠላሳ ከተባለ ሠላሳ ነው። ከሥራ ትገባለች፣ ልብስ ትቀይራለች፣ እራት ትጥዳለች፣ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን “ሚጣ፣ ፒያኖ!” ትላለች። ስልኳ ላይ ሰዓት ትሞላና ከልጅቷ ጀርባ ትቆማለች።

አንድ ሳምንት ቅዳሜ ሠርግ ስለነበረባቸው ማክሰኞ ማታ ሄድኩ። ልምምዱ ላይ ደረስኩ። “ቀጥሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ” ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ገጹ አራት መስመር ነው። ሚጣ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ተሳሳተች።

“ተሳሳትሽ። ከመጀመሪያው።”

ጀመረች። እዚያው ቦታ ላይ ተሳሳተች።

“ከመጀመሪያው።”

መቁጠር ጀመርኩ። በ20 ደቂቃ ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ጀመረች። አንድም ጊዜ አልጨረሰችም።

እስቲ ሒሳቡን እዩት። የመጀመሪያው መስመር አሥራ አራት ጊዜ ተለመደ፤ እሱን ግን ድሮ ችላዋለች። ስህተቱም አሥራ አራት ጊዜ ተለመደ። ጣቶቿ እዚያ ቦታ ሲደርሱ መሳሳትን እያጠኑ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ጭራሽ አልተነኩም። ቅዳሜ መጥቼ “አራተኛው መስመር ምን ሆነ?” እያልኩ ቅር የሚለኝ ደግሞ እኔ ነኝ።

እናቷን አልወቅሳትም። እሷ የምታውቀው ጥናት ይህ ነው። አባቷ ልምጭ ይዘው ደፍ ላይ ተቀምጠው አንደኛ የወጣች ልጅ ናት። ልምጩን ትታዋለች። አቋቋሟ ግን የአባቷ ነው።

ከዚያ ሁለት ነገር ሞከርን። ፍሪጁ ላይ የኮከብ ሠንጠረዥ ለጠፍን። ሦስት ሳምንት ሠራ። በአራተኛው ሚጣ ነጋዴ ሆነች፤ “ስንት ኮከብ ነው?” ሳትል አትቀመጥም። አንድ ቀን “ዛሬ ኮከብ አልፈልግም” ብላ ወጥታ ሄደች፤ ሱቁ ተዘጋ። ሁለተኛው፣ ቁልፎቹ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልን መለጠፍ ነበር። ዓይኗ ከጣቷ ላይ አልነሣ ሲል ላጥነው። መሐል ያለችውን ዶ ብቻ ተውኩላት።

አዳፕተሩ የጠፋው በዚህ መሐል ነው። ታኅሣሥ።

የአያት ምርመራ

አያቷ አዳፕተሩን ሲያገኙ ለማንም አልተናገሩም። ሽሮውን አራገፉለት፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ሚጣ ከትምህርት ቤት መጣች። ቡናው ቀረበ። “ሚጣዬ፣ ይቺን ቅመም ሽሮዬ ላይ ማን ጨመረብኝ?” ብለው ቋጠሮውን ፈቱት።

ሚጣ አለቀሰች። ያለችውን አያቷ ቅዳሜ ለብቻዬ ጠርተው ነገሩኝ።

“እምዬ፣ ፒያኖው ሲበራ ማሚ ትቆጣለች። ሲጠፋ አትቆጣም።”

መልስ የለኝም። ልጅቷ ሙዚቃ አልጠላችም። ሰነፍም አይደለችም። የእናቷን ደህና ፊት ለማየት ብላ ገመድ ደብቃለች። እኔ ደግሞ “ትኩረት ይጎድላታል” ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ነበር። ገጹ አሁንም አለ።

“እማማ፣ ምን ይሻላል ይላሉ?” አልኳቸው።

“እኔ ምኑን አውቄው ልጄ? ቡና ሳፈላ እዚህ አጠገቤ ሆና ትነካካው። እኔ እንደሁ ዕውቀቱ የለኝ፤ በምን እቆጣታለሁ?”

ይቺን ንግግር ብስክሌት ላይ ሆኜ እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ ሳመነዥካት ሄድኩ። “እኔ ሙዚቃ አላውቅም፣ ልጄን ልረዳው አልቻልኩም” የሚለኝ ወላጅ ብዙ ነው። ሁሌ አዝንለት ነበር። አለማወቁ ለልምምድ ሊጠቅም ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ኪቦርዱ ከምግብ ጠረጴዛው ወረደ። ረከቦቱ አጠገብ፣ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ወንበሯ ላይ ጋቢ አጥፈን ደረብን። እግሯ ሥር የአያቷን ዱካ አስገባን። ክርኗ ከቁልፎቹ እኩል መጣ። ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ከሁለት ወር በላይ ያቆየሁት።

ስልክ ላይ ሰዓት መሙላት ቀረ። ቡናው ሰዓት ሆነ። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል። ጀበናው ከሰል ላይ ሲጣድ ሚጣ ትቀመጣለች። አቦል ሲቀዳ ተነሥታ ፈንዲሻዋን ትበላለች። ጀበናው ለቶና ሲመለስ እሷም ትመለሳለች። ለበረካም እንዲሁ። አንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ነው፣ ቢበዛ ሰባት።

ሦስቱ ዙር ቢደመር እኔ ካዘዝኩት ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ሥራውን የሠራው ግን ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ መመለሷ ነው። ጣት የሚይዘው ትቶት የሄደውን ነገር ተመልሶ ፈልጎ ሲያገኘው ነው። በአንድ ቁጭታ ሠላሳ ጊዜ ሲደጋግሙት የተቻለ ይመስላል፤ በማግስቱ የለም። የቃል ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። የአያቷ ወንድም ድጓ ሊማሩ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድረስ የሄዱ ሰው ነበሩ። “መምህሩ የሚሰጡት ጥቂት ነው፤ እሷን ተማሪው ሌሊት ሲቀጽላት፣ ሲደጋግማት ያድራል” ይላሉ አያቷ። እኔ በሳምንት አንድ ገጽ ሳሸክም የኖርኩት ሰውዬ ቡናዬን ዝም ብዬ ጠጣሁ።

የቤት ሥራውንም ቀየርኩ። ገጽ ቀርቶ ቁራሽ ሆነ። አንድ መስመር፣ አንዳንዴ ግማሽ። ከመጨረሻው መስመር ተነሥቼ ወደ ኋላ። መጨረሻውን የቻለች ልጅ ስትጫወት ወደምታውቀው ሰፈር እየገባች ነው። መጀመሪያውን ብቻ የቻለች ልጅ ግን በሄደች ቁጥር ይጨልምባታል።

አያቷ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ጨመሩ። ስትጨርስ “እሰይ፣ እስቲ ድገሚልኝ” ይላሉ። የምር ደስ ብሏቸው ነው።

“ከየት ልድገም እምዬ?”

“ከዚያች፣ ወደ ታች ከምትወርደው።”

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ “ድገሚልኝ”ን ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። ሚጣ ዘጠኙንም ደገመች። ሲበቃት “እምዬ አሁንስ አበዛሽው” ብላ ተነሣች። እናቷ ጋ እንዲህ ማለት አይቻልም ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ ያምር ነበር እንዳይመስላችሁ። በረካ ላይ አያቷ የሚያንቀላፉበት ቀን ብዙ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወሬው ይሞቃል፣ ኪቦርዱ ይረሳል። አንድ ቀን ከሰዓት ደግሞ ያቺ ነርስ ዓይኗን እያሻሸች ወጣች። “በእናታችሁ፣ ቢያንስ ዘፈኑን ቀይሩልኝ” አለች። ሄድፎን እንዳንል አያቷ አይሰሙም። ሰሚ ከሌለ ደግሞ ሚጣ አትቀመጥም። ድምፁን ሩብ ላይ አድርገን ኪቦርዱን ከነርሷ ግድግዳ አራቅነው። ነርሷም ተረኛ ባልሆነችባቸው ቀናት ቡና ትጠራ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ቅሬታ አልሰማሁም።

እናት ምን ትሥራ?

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ እናቷ ደወለች። ድምጿ ልክ አይደለም።

“ቲቸር፣ እኔ ከዚህ ነገር ወጣሁ ማለት ነው? ቤት ስገባ ቡናውም ፒያኖውም አልቋል።”

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ኪቦርዱ እንዲመጣ ስትወተውት የኖረችው እሷ ናት። ወር በወር የምትከፍለኝም እሷ ናት። አሁን ሁሉም ሰው በደስታ የሚያወራው ስለ አያቷ ነው። ጥፋተኛ ሆና የቀረችው እናት ብቻ ናት። እንዲህ ዓይነት ነገር ቤት ውስጥ ሲቆይ ይመርራል።

“ማታ ማታ አምስት ደቂቃ አንቺ ተማሪ ሁኚ” አልኳት። “ሚጣ አንድ ነገር ታስተምርሽ። አንቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፤ እሷ ከጀርባሽ ትቁም።”

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ግን አደረገችው።

በሦስተኛው ቀን ቴሌግራም ላይ በድምፅ ላከችልኝ። “ቲቸር፣ ቀለበት ጣቴ አልነሣ አለኝ እኮ! ምን ሆና ነው?”

ምንም አልሆነችም፤ የሁላችንም እንደዚያ ናት። አራተኛዋ ጣት ጅማቷ ከጎረቤቶቿ ጅማት ጋር የተያያዘ ነው። ብቻዋን ልትነሣ ስትል እነሱን ታስከትላለች። ካላመናችሁኝ መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። መሐል ጣታችሁን ወደ ውስጥ እጠፉት፤ ሌሎቹ ተዘርግተው ይቅሩ። አሁን ቀለበት ጣታችሁን ለማንሣት ሞክሩ።

ሚጣ ሁለተኛው መስመር ላይ ትሰናከል የነበረው በዚህች ጣት ነው። አሥራ አራት ጊዜ “ከመጀመሪያው” የተባለችበት ቦታ ላይ። ቅዳሜ ቦታውን ለእናቷ ሳሳያት ለአፍታ ዝም አለች። ሚጣን ሳብ አድርጋ ጭንቅላቷን ሳመቻት። “ቀላል እኮ ነው” የሚለውን አባባሏን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም።

ሚጣ ደግሞ አስተማሪነቱ ተመቻት። “ማሚ፣ ትከሻሽ!” እያለች ትቆጣታለች። ማታ ስለምታስተምር የዕለቱን ቁራሽ ቀን ላይ አጥብቃ ትይዛለች። ይህን እኔ አስቤው ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር። አላሰብኩትም።

አባትየው ከመንገድ እየደወለ “እስቲ ተጫወቺልኝ” ይላል። አትጫወትም። ስልክ የያዘ ሰው “እስቲ” ሲል ፈተና ነው። ስለዚህ ሲመቻት በድምፅ ቀድታ መላክ ጀመረች። ከመላኳ በፊት ታዳምጠዋለች። አንድ ቀን ፊቷን ቋጥራ “እኔ እንዲህ ነው እንዴ የምሮጠው?” አለችኝ። ወር ሙሉ “አትሩጪ” ስላት የከረምኩትን ልጅ ስልኩ በአንድ ቀን አሳመናት።

መብራት የጠፋ ማታ

ጥር ላይ ነው። ትምህርታችን ወደ ማታ ተዛውሮ ሳለ መብራት ሄደ። ኪቦርዱ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይወስዳል፤ አዳፕተሩ በጠፋ ጊዜ ማንም ትዝ ያላለው ነገር ነው። እናቷ ከሱቅ ገዝታ መጣች። ድምፅ አገኘን፤ ወረቀቱ ግን በሻማ አይነበብም።

ባዶ እጄን ላለመመለስ ብዬ “ጥቁሮቹን ብቻ ዳስሺ” አልኳት። ጥቁሮቹ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ ስለተደረደሩ ዓይን ጨፍነውም ይገኛሉ። ሚጣ ሦስቱ ካሉበት ከመጀመሪያዋ ተነሥታ ወደ ቀኝ አምስቱን ተራ በተራ መታች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች።

ከጨለማው ውስጥ አያቷ “ይቺማ ትዝታ ናት!” አሉ።

ልክ ናቸው። ከዚያች ቁልፍ ተነሥተው አምስቱን ጥቁሮች ሲመቱ ሜጀር የሚባለው ትዝታ ይወጣል። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ናቸው። የልጅ እጅም አምስት ጣት ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የፈረንጁን የጀማሪ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ስገፋ፣ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ስትሰማው ያደገችውን ድምፅ መነሻ ማድረግ አልመጣልኝም። አራት ወር። መብራት ባይጠፋ አምስት ይሆን ነበር።

ፒያኖ እንግዲህ ድምፁ የተቆራረጠ ነው። ማሲንቆ በሁለት ድምፅ መሐል ይንሸራተታል፤ ፒያኖ ይዘላል። አያቷም ከጥቂት ጊዜ በኋላ “ትንሽ ደረቀችብኝ” ብለዋል። ሚጣ ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ማንም ሳይጠራት ኪቦርዱ ላይ ትገኝ ጀመር። ከራሷ እየፈጠረች። አያቷ ስኒ እያጠቡ ያንጎራጉራሉ፣ እሷ በጥቁሮቹ ትከተላቸዋለች። ይህ ልምምድ ነው ወይ? መጀመሪያ አይደለም ብዬ ነበር። አሁን ከምሰጠው የቤት ሥራ ሁሉ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

ጾሙ

ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን። አያቷ በመጀመሪያው ሰኞ ኪቦርዱን በነጠላ ሸፈኑት። “ዘፈን በጾም? አይሆንም።” መሣሪያው በገና ቢሆን ኖሮ ግድ የላቸውም።

እናቷ ደነገጠች። ሁለት ወር ገደማ ከተቋረጠ ልጅቷ ሁሉንም ትረሳዋለች። እኔ በሰው ቤት ጾም ላይ ምን አገባኝ? ግን ገባሁ። ለአያቷ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አወራኋቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ መወለዳቸውን፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ሙዚቃ መማራቸውን፣ ግሸን ማርያም ገብተው መመንኮሳቸውን፣ መነኩሲት ሆነው ፒያኖ መጫወታቸውን፣ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ማረፋቸውን።

“የት ነው የመነኮሱት አልከኝ?”

“ግሸን ማርያም።”

ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ስልኬ ላይ አንድ ሥራቸውን አሰማኋቸው። እስኪያልቅ ዝም ብለው ሰሙ። “ይኼስ ጸሎት ይመስላል” አሉ። ነጠላው ግን አልተነሣም። ውሳኔው የመጣው በማግስቱ ነው።

“ዘፈኑ ይቅር። ጣቷ ግን አይጹም።”

ስለዚህ ሚጣ ኪቦርዱን ሳታበራ ትለማመድ ጀመር። ቡናው ሲጣድ ነጠላው ይገለጣል፣ ጣቶቿ ድምፅ በሌለው ቁልፍ ላይ ይሄዳሉ። ይሰለቻታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ድምፁን በአፏ ትሞላው ጀመር፤ “ሶል፣ ሚ፣ ሬ” እያለች። የምትመታውን ከመምታቷ በፊት በጆሮዋ ትሰማዋለች ማለት ነው፤ ለዚህ እኔ ራሴ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ግራ እጇም በዚያ ጾም ነው የተፈታው፤ ቀኟ ስለማይጮህ አይሸፍነውም። ኪሳራም ነበረው። ከፋሲካ በኋላ ኪቦርዱ ሲበራ ለስላሳና ጠንካራ አመታቷ ተደባልቆባት እየደበደበች ነበር። ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

በፋሲካው ዕለት ዘመድ ተሰበሰበ። አንድ አጎት “ፒያኒስቷ የታለች? ተጫወቺልና!” አለ። ሚጣ አልጋ ሥር ገባች። እናቷ ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ጎትታ ታወጣት ነበር። “ተዋት፣ ዛሬ አላሰኛትም” አለች። አልተጫወተችም። ዘመዶቹም በልተው ጠጥተው ሄዱ።

ያልተፈታው

ኖታ ማንበብ ላይ ሚጣ ደካማ ናት። ይህ የቡናው ልምምድ ዕዳ ነው። አያቷ የሚሰሙት ይጣፍጥ አይጣፍጥ እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም። ሚጣም ጆሮዋ ስለሚቀድማት አንዴ ከሰማችው ወረቀቱን አታየውም። ስህተት ከያዘች አያቷ ስህተቱንም “ድገሚልኝ” ይሏታል፤ ያማረ ስህተት ከሆነማ ሳምንቱን ሙሉ። ቅዳሜ ሃያ ደቂቃ ያህሉ እሱን በማስለቀቅ ያልቃል።

አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም አስተማሪ ነው፣ “በአያት ፍቅር አበላሸሃት” ይለኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ የምመልስለት፣ ኖታ በሰባት ዓመትም በስምንትም ይያዛል፤ አዳፕተር የምትደብቅ ልጅ ግን ስምንት ዓመት እስኪሞላት ኪቦርድ ላይ አትቆይም ነው። ለጊዜው ረቡዕ ረቡዕ አጭር ቅጂ ለእናቷ እልካለሁ፤ ማታ ከወረቀቱ ጋር እያስተያዩ ይሰሙታል። ከመስመሩ ውስጥ ሁለት ኖታ ብቻ እንድታነብ እጠይቃታለሁ። ሁለት። እሷንም አንዳንዴ በግምት ትመልሳለች።

በሰኔ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከሰዓት ሄድኩ። ገና ቶና ሳይቀዳ ከጣና በኩል ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው መጮህ ጀመረ። ሰው ሰውን አይሰማም። ሚጣ መጫወቷን አላቆመችም። ጣቶቿ ሲሄዱ አያለሁ፤ አራተኛዋ ጣት ሁለተኛው መስመር ላይ ስትነሣም አየሁ። ምን እንደወጣ ግን አላውቅም። ስትጨርስ ወደ አያቷ ዞረች።

አያቷ በእጃቸው ጆሯቸውን እያሳዩ ጮክ ብለው “አልሰማሁም! ድገሚልኝ!” አሉ።

“ከየት?” አለች ሚጣ፣ እሷም እየጮኸች።